ይሄን ውሻ ማነው የሚያሠለጥነው?

ኧረ በቃኝ! እኔ ቡችላው ሰው ላይ እንዳይዘል ላስተምር እለፋለሁ፤ ሲዘል ጀርባዬን እሰጠዋለሁ፣ አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ወዲያው ቁራሽ ሥጋ አቀምሰዋለሁ። ከዘገየሁ ለምን እንደተሸለመ አይገባውማ። ታናሽ ወንድሜ ግን ከሥራ ሲገባ ደረቱን እየመታ «ና ዝለል!» ይለዋል። እማዬ ደግሞ ከማዕድ እንጀራ በሽሮ ታጎርሰዋለች፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው ስላት «የድሮ ውሾች ምን በልተው አደጉ?»

የጎረቤታችን ይባስ። «ቀን ቀን እሰረው፣ ሰው አታሳየው፣ ያኔ ነው ኃይለኛ የሚሆነው» ይሉኛል። ኧረ ጋሼ፣ ያ ኃይለኝነት ሳይሆን ፍርሃት ነው! ቡችላ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሰውም ሕፃንም መኪናም ካልለመደ፣ ሲያድግ ሁሉም ያስበረግገዋል። የሳቸው እስረኛ ፌስታል ኮሽ ባለ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ሰፈሩን ያስነሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትማ አይነሳ፤ «ከግቢ የማይወጣ ውሻ ምን ያገኘዋል?» የሰፈሩ ውሻ በአጥሩ ሥር አፍንጫውን አስገብቶ ሲያሸተው እያየን!

ትናንት የኛው ሳሎን ሸና። ወንድሜ ዘግይቶ ደርሶ ጫማ ይዞ ተነሳበት። ከእንቅልፉ ሲነቃና በልቶ ሲጨርስ ውጪ አውጡት እያልኩ የምለፈልፈው ለማን ነው?