የሞተ ዘፋኝ አንገቱ ረጅም ነው

የሐዋሳን አድናቂ ሳላመሰግን ብቀር ኩነኔ ይሆንብኛል። ሌላው ዓለም ዘፋኙን በቁሙ ማድነቅ ይወዳል። ቲኬት ለመቁረጥ ይሰለፋል፣ አልበም ይገዛል፣ ዝናብ እየወረደበት ስታዲየም ውስጥ ይቆማል። አድካሚ ነው፤ ወጪም አለው። የእኛ ሰው ግን ብልህ ነው። ይጠብቃል። ዘፋኙ እስኪሞት ድረስ ድምፁን አጥፍቶ ይጠብቃል። ከሞተ በኋላ በፍቅር የሚቀድመው የለም።

ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ሰኔ 18 ቀን ሐይቅ ዳር ብቅ ይበል። ማይክል ጃክሰን ያረፈበት ቀን ነው። ዘንድሮም አንድ ካፌ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥሮ፣ ፕሮጀክተር ተክሎ «ዲስ ኢዝ ኢት»ን አሳየ። መግቢያው ነፃ ነበር። አንድ ነገር ማዘዝ ግን ግዴታ ነው። አድናቂው አንድ ማኪያቶ አዘዘ። ፊልሙ 111 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ማኪያቶን 111 ደቂቃ ማቆየት ምን ያህል ልምምድ እንደሚጠይቅ አስተናጋጇን ጠይቋት። «አባቴ፣ ብርጭቆውን ላንሳው?» ባለች ቁጥር ከታች የቀረችውን አረፋ እያሳየ ይመልሳታል።

ፊልሙን ላላያችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክል ለንደን ኦ ቱ አሬና ውስጥ 50 ኮንሰርት ሊያቀርብ ተዋውሎ ነበር። የመጀመሪያው ለሐምሌ 6 ቀን 2001 ዓ.ም. ተቀጠረ። 18 ቀን ሲቀረው ሞተ። ሎስ አንጀለስ ላይ ሲለማመድ የተቀረጸ ከ100 ሰዓት በላይ ምስል ነበር። የኮንሰርቱ ዳይሬክተር ኬኒ ኦርቴጋ ከዚያ ላይ መራርጦ ፊልም አደረገው። ጥቅምት 2002 ሲኒማ ቤት ገባና በዓለም ዙሪያ ከ260 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሰውየው ሲሞት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ዕዳ ነበረበት። እንግዲህ ጠብቆ ማድነቅ የሐዋሳ ፈጠራ ብቻ አይደለም። እኛ አሳመርነው እንጂ።

የለንደን ተመልካቾች የዋህነት ግን አንጀት ይበላል። ቲኬቱን ገና ሰውየው በሕይወት እያለ በሰዓታት ውስጥ ገዝተው ጨረሱት። ሲሞት ምርጫ ተሰጣቸው፤ ወይ ገንዘባቸውን ይወስዳሉ፣ ወይ ቲኬቱን ለማስታወሻ ያስቀራሉ። ቲኬቱን የመረጡ አሉ! ያልተካሄደ ኮንሰርት ቲኬት! የእኛ ሰው ቢሆን ቲኬቱን ፎቶ ያነሳና ይለጥፋል፣ ገንዘቡንም ይቀበላል። ሐዘን በሥርዓት ነው።

ወደ ካፌያችን ልመለስ። ከፊት ወንበር የተቀመጠው ወንድማችን ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልኩ ቀረጸው። ባትሪውን አብርቶ ነው የቀረጸው፤ ጨለማ ስለሆነ። የባትሪው ብርሃን አንሶላው ላይ ሲያርፍ ማይክል ከወገቡ በላይ ጠፋ። ከኋላ «ኧረ አጥፋው!» ተባለ። አላጠፋም። ታሪክ እየሰነደ ነው። በዚህ መሃል የሐይቁ ትንኝ መጥታ የፕሮጀክተሩ መነጽር ላይ አረፈች። አንሶላው ላይ የማይክልን ቁመት አክላ ታየች፤ እግሯን እያነሳችም ከእሱ ጋር ትወዛወዝ ጀመር። ወንድማችን በቀረጻው ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለለንደን ያዘጋጁት ኢፌክት ነው» ሲል አስረዳ። ቪዲዮው ከትንኟ ጋር ተለጥፏል። ላይኩም ጥሩ ነው አሉ።

ከጎኑ ያለው ልጅ ደግሞ ላይቭ ገብቶ ነበር። ፊልሙን አይደለም የሚያሳየው፣ ሲያለቅስ የራሱን ፊት ነው። «ጓዶች፣ አልቻልኩም። ልጅነቴን ነው ይዞብኝ የሄደው።» ማይክል ሲሞት ይህ ልጅ ጡት አልጣለም። ግን ምን ችግር አለው? ፍቅር ዕድሜ አይጠይቅም። ደግሞ ዲሲፕሊኑ ያስቀናል። እንባው መሃል ላይ ቆም ይልና «ሰላም ነው ዲላ! ሻሸመኔ፣ እንዴት ናችሁ! ስክሪኑን ነካ ነካ አድርጉ» ይላል። ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። ያችኑ እንባ፣ በዚያው ጉንጭ። ከልቡ የሚያለቅስ ሰው ይህን አይችልም።

ሐኪሞቻችንም መመስገን አለባቸው። በየጠረጴዛው አንድ አንድ ነበሩ። «ቆይ፣ ይሄ ሰው ነው በሽተኛ የተባለው? እየዘለለ?» «የለም፣ ክንዱን እየው፣ አጥንት ነው። ያኔውኑ አልቋል።» «እኔን ከጠየቃችሁኝ ጨጓራ ነው።» የሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት የማይክልን የግል ሐኪም የኮንራድ መሪን ጉዳይ ሲመረምር ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጅቶበታል። ምስክር ሰማ፣ ፕሮፖፎል የሚባለውን የማደንዘዣ መድኃኒት ነገር አጣራ፣ በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ሊገባ ሲል ጥፋተኛ አለው። እኛ ጋ ግን በአንሶላ ላይ፣ በአንድ ማኪያቶ፣ ምርመራው መጠጥ ሳይቀርብ አለቀ። «አልሞተም፣ ተደብቆ ነው» የሚለው ወገንም ነበረበት። እነሱን ለዛሬ እንለፋቸው። ሌላ ቀን ራሱ ማይክል ይመልስላቸዋል።

ከሁሉም ግን ልቤን የነካው አንድ የማውቀው ጎልማሳ ነው። ከወንበሩ ተነስቶ «ይሄን ሰው በቁሙ አላወቅነውም!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። ከዓመታት በፊት ፒያሳ ፑል ቤት ውስጥ «ቆዳውን የቀየረ ፈረንጅ» እያለ ሲያስቀን ያመሽ የነበረው እሱ ነው። አፍንጫውን በእጁ እየሠራ ያሳየን ነበር። ማይክል ለምጽ እንዳለበት በ1985 ዓ.ም. ለኦፕራ ዊንፍሬይ በራሱ አንደበት ተናግሮ ነበር። ግን አንድ ሰው በቁሙ ስለ ራሱ ቆዳ የሚናገረውን ማን ያምናል? የእኛ ሰው ጥንቁቅ ነው። የአስከሬን ምርመራው እስኪወጣ ጠበቀ። ምርመራው ለምጹ እውነት መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው ልቡ የራራው። አሁን «በጥላቻ ገደሉት» ይላል። ማን እንደሆኑ አይናገርም።

«ለእኛ ሲል ዘፍኗል እኮ!» አለ ደግሞ። ይሄም እውነት ነው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ማይክልና ላየነል ሪቺ ግጥምና ዜማውን ሠርተው፣ ከ40 በላይ ዘፋኞች አንድ ሌሊት ተሰብስበው የዘፈኑት «ዊ አር ዘ ወርልድ» ገንዘቡ ወደዚህ ነው የመጣው። ጎልማሳው ይህን ሲያስታውስ ዓይኑ ቀላ። ለአስተናጋጇም ቲፕ ሊተው ኪሱን ዳሰሰ። ዳሰሰና ተወው።

ፊልሙ ላይ አንድ ቦታ አለ። ማይክል ከአጃቢ ዘፋኟ ከጁዲት ሂል ጋር የፍቅር ዘፈን ሲለማመድ ስሜቱ ይዞት ድምፁን ሙሉ በሙሉ ይለቀዋል። ዙሪያው ያሉት ዳንሰኞች ያብዳሉ። እሱ ግን ይቆጣል፤ ድምፁን ለኮንሰርቱ መቆጠብ እንዳለበት ይነግራቸዋል። ለለንደን። በእውነት አንጀት የሚያላውስ ቦታ ነው። ካፌያችን ውስጥ ይህን ቦታ ማንም አልሰማውም፤ አድናቂዎቹ እየዘፈኑ ነበር። እሱ የቆጠበውን እነሱ አወጡለት። ቋንቋው እንግሊዝኛ አይደለም፣ ሌላም አይደለም፣ ግን ድምፁ እስከ አሞራ ገደል ይሰማል። ልክ እዚያ ላይ መብራት ጠፋ። «እንደገና ሞተ!» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቁ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አላበቃም። ሐዘኑም ከጄኔሬተሩ ጋር ተነሳ።

እንዲያው ስናስበው 2001 ለአድናቂ ትልቅ ዓመት ነበር። ሚያዝያ ላይ በፋሲካ ዕለት ጥላሁን ገሠሠ፣ ሁለት ወር አለፍ ብሎ ማይክል። ያኔ ያልሰለጠነ አልቃሽ መቼም አይሰለጥንም። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ መልክ ይዟል። ዘፋኙ ታሞ ቤት ሲውል ስልኩ አይጮኽም። የሕክምና መዋጮ ሲጠየቅ «ሲሠራ የት አደረገው?» ይባላል። ሲሞት ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጧፍ ይለጠፋል፣ «አንጋፋው» ይባላል፣ በቁሙ አብሮት ፎቶ ያልተነሳ ሰው አይገኝም። እነዚያ ሁሉ ፎቶዎች እስካሁን የት ነበሩ አይባልም። ለቀኑ ተቀምጠው ነዋ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉም ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ለአንሶላ። አንዱማ አፏጨ፣ «ድገመው!» አለ።

አንሶላው ሲወርድ ከኋላው ኪቦርድ ታየ። በካፌው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚዘፍን አንድ ልጅ አለ፤ ድምፁ ሸጋ ነው፣ የራሱንም ዜማ ይሠራል። ሕዝብ ስላገኘ ደስ ብሎት ማይኩን «አንድ ሁለት» እያለ ሞከረ። ሕዝቡ ጃኬቱን አነሳ። «የዘንድሮ ዘፋኝ ደግሞ ዘፋኝ ነው እንዴ?» እየተባባለ በር ላይ ተጋፋ። ውጪ ባጃጆቹ ጥሩንባ ይነፋሉ። የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ካፌው ውስጥ እኔ፣ አስተናጋጇና ያ ፊልም ሲቀርጽ የነበረው ወንድማችን ቀረን።

እሱም የቀረው ስልኩ ስለሞተበት ነው። ቻርጀሩን ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ። «ብሮ፣ ይቅርታ፣ ይቺን ሶኬት ነቅዬ አምስት ደቂቃ ብቻ ልሰካ? ማይክልን ልፖስት ነው።»

ልጁ ኪቦርዱን ራሱ ነቀለለት። ወንድማችን ደስ አለው። ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

«ድምፅህ አሪፍ ነው እኮ፣ የምሬን ነው። እኔ አሁን ጊዜ የለኝም እንጂ እሰማህ ነበር። አይዞህ፣ ያንተም ቀን ይመጣል።»

«መቼ?» አለ ልጁ እየሳቀ።

«እሱን እንኳ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። አንተ ብቻ ከአሁኑ ልምምድህን አስቀርጽ።»