ስለ «ሚን ማሽን» አንድ ቅሬታ አለኝ

ስለ ፊልሙ ትችት ያቀረበው ጽሑፍ ጸሐፊ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውንና እስረኞች ጠባቂዎቻቸውን በኳስ የሚገጥሙበትን «ሚን ማሽን» የተባለ የእንግሊዝ ፊልም ተራ የኳስ ቀልድ አድርገው ማለፋቸው አላሳመነኝም። ፊልሙ መነሻ ያደረገው በ1974 የተሠራ የአሜሪካ ፊልም ሲሆን፣ በዚያኛው እስረኞቹ የሚጫወቱት በእጅ የሚያዘውን የአሜሪካኖቹን ኳስ ነበር፤ እንግሊዞቹ ግን እኛ በምናውቀው እግር ኳስ ስለተኩት ታሪኩ ደብረ ብርሃን ላለ ተመልካችም ቅርብ ሆነ። ጨዋታ በመሸጥ ስሙ የጎደፈውን የቀድሞ የእንግሊዝ አምበል ሆኖ የሚተውነው ቪኒ ጆንስ፣ ራሱ በ1988 ከዊምብልደን ክለብ ጋር ሊቨርፑልን 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍ ኤ ዋንጫ ያነሣ፣ በኃይለኛ አጨዋወቱ የሚፈራ ተጫዋች ስለነበር ቁጣው ትወና አይመስልም። የግብ ጠባቂው የጄሰን ስታተም ቀልድ ግን (እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ) በዝቷል።

እኔ ፊልሙን ያየሁት ጋቢ በሚያስደርብ የደብረ ብርሃኗ ጠባሴ ብርድ፣ በአንድ ጠባብ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። እስረኞቹ ጠባቂዎቹን ለመግጠም ሲዘጋጁ በሳቅ ሲናጋ የነበረው ቤት፣ አዛውንቱ እስረኛ ዶክ ለሌላ ሰው በተጠመደ ፈንጂ ሲሞት ጸጥ አለ፤ ጽሑፉ ይህን ትዕይንት አለማንሣቱ ይገርመኛል። የእስረኞች ኳስ ተራ ቀልድ እንዳልሆነ ታሪክም ያሳያል፤ በደቡብ አፍሪካ የሮበን ደሴት እስር ቤት የነበሩ የፖለቲካ እስረኞች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማካና የተባለ የእግር ኳስ ማኅበር አቋቁመው በፊፋ ሕግ ሊግ ያካሂዱ ስለነበር፣ ፊፋ በ2007 የክብር አባልነት ሰጥቷቸዋል።