ወረቀቱ 140 ይላል

ባለፈው የዘመን መለወጫ ሰሞን በውጭ አገር የምትኖረው የባለቤቴ እኅት አንድ ጥቅል ላከችልን። በውስጡ ሁለት ሹራብ፣ ጫፉ የሾለ የማእድ ቤት ቴርሞሜትርና በሁለት ገጽ የተጻፈ ወረቀት ነበረበት። ወረቀቱ በተርስኮች የተባለውን፣ ቅቤና ቡናማ ስኳር አብረው ፈልተው የሚሆኑትን ጣፋጭ እቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያዘጋጁትና በትኩስ ወተት በጥብጠው እንዴት እንደሚጠጡት ያስረዳል። መቼም ጎጃም በመጠጥ ተቸግሮ አያውቅም፤ ጠላውም፣ ጠጁም፣ አረቄውም አለ፤ ለልጅና ለማይጠጣ ሰው ደግሞ ብርዝ ይበረዛል፣ ቅሪቦ ይዘጋጃል። ቢሆንም የደብረ ማርቆስ የመስከረም ማታ ብርዱ ገና ስለማይለቅ፣ ትኩስ ወተት ውስጥ የሚገባ ጣፋጭ ተገኘ ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ በደስታ ተቀበለው። ችግሩ የጀመረው ወረቀቱ ጋሼ እጅ የገባ ዕለት ነው።

ጋሼ የባለቤቴ አጎት ናቸው። በወጣትነታቸው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የዘመቱ፣ ከዚያም ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ርዕዮተ ዓለማቸውን ሦስት ጊዜ የለወጡ፣ እርግጠኝነታቸውን ግን አንድም ቀን ያልለወጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አነበቡና ከአንዲት መስመር በታች በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አሰመሩ። መስመሯ «ውሕዱ 140 ዲግሪ ሲደርስ ከእሳት ይውረድ» ትላለች። ከዚያም ቀና ብለው «ያለ ትክክለኛ ንድፈ ሐሳብ ትክክለኛ ድስት የለም» አሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ድስቱ ሊጣድ ተወሰነ። ጎረቤታችን መሪጌታ ከልጃቸው ጋር ተጠርተው መጡ። መሪጌታ የመጠጡን ስም ሲሰሙ ስኒያቸውን በትሕትና ወደ ጎን ገፋ አድርገው «ስኮች ካለበትማ ውስኪ ነው፤ እኔ ነገ ቅዳሴ አለብኝ» አሉ። ጋሼም ውስኪ አለመሆኑን፣ ጣፋጩ በእንግሊዝ አገር ዶንካስተር በምትባል ከተማ ከ1817 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ መሆኑን፣ ስሙም ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ እንደሚሉት ሳይደርቅ በቢላዋ ከመሰንጠቁ የመጣ መሆኑን በዝርዝር አስረዱ። በዚህ ጊዜ የመሪጌታ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ጉሮሮውን ጠራረገና «እኛ ቅቤ ስናነጥር እንግሊዝ የት ነበረች?» ሲል ጠየቀ። እንግሊዝ የት እንደነበረች የሚያውቅ ሰው በቤቱ ስላልነበረ ጥያቄው እንደ ማስረጃ ተቆጠረለት፤ እሱም በተርስኮቹ በንጥር ቅቤ ካልተሠራ የባህል ወረራ እንደሚሆን አስታወቀ።

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ያህል፣ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ለጋ ቅቤ ነው። ከቅቤ ውስጥ ሰማንያ በመቶ ያህሉ ስብ ሲሆን የቀረው ውኃና ጥቂት የወተት ትራፊ ነው። ይህቺ ትራፊ ከስኳሩ ጋር በእሳት ላይ ስትገናኝ እየቀላች ያንን ደስ የሚል መዓዛ ታመጣለች፤ ማያር የተባለ ፈረንሳዊ በ1912 እ.ኤ.አ. ነገሩን አጥንቶ ስለጻፈበት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ቅቤ ሲነጠር ግን ትራፊዋ ተጠልላ ትቀርና በምትኩ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና አብሹ ይገባል፤ በእሱ የተሠራ በተርስኮች ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸታል። ይህንን ለልጁ ባስረዳው «ታዲያ ዶሮ ወጥ ምን አለው?» አለኝ። የሚመለስ መልስ አላገኘሁለትም። አማቴ በበኩላቸው ቅቤ ወይ ለወጥ ወይ ለራስ ፀጉር እንጂ ለስኳር አልተፈጠረም የሚል የጸና አቋም ነበራቸው፤ ከድስቱ የሚተርፈውን ለጋ ቅቤ አናታቸው ላይ እንደሚያደርጉት ገና ከመነሻው አስታውቀው ነበር። አንድ ሰው ደግሞ ለጾም ጊዜ ቅቤው በዘይት ቢተካስ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ በተር ማለት ቅቤ ነውና ቅቤ የሌለበት በተርስኮች ሕዝብ እንደሌለበት ሕዝባዊ መንግሥት ነው ተብሎ ሐሳቡ ውድቅ ሆነ።

ስኳሩም ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ወረቀቱ ቡናማ ስኳር ይላል። የፈረንጁ ቡናማ ስኳር ቀለሙንና ጣዕሙን የሚያገኘው ስኳር ሲወጣ ከሚቀረው ጥቁር ዝልግልግ፣ ከሞላሰስ ነው፤ የእኛ የፋብሪካ ስኳር ደግሞ ከነጩ ወየብ፣ ከቡናማው ነጣ ያለ መሐል ሰፋሪ ነው። ጋሼ መሐል ሰፋሪነትን ከጥንትም ስለማይወዱ ሥራው ይቁም አሉ። እርሳቸው ሲከራከሩ አማቴ አንድ ማንኪያ ማር ድስቱ ውስጥ ጨመሩ። ማር ስኳሩ መልሶ እንዳይቋጥር እንደሚከላከል ኋላ ተረዳሁ፤ እርሳቸው ግን የጨመሩት «ማር ምን ጊዜም አይከፋም» ብለው ነው።

ድስቱ ከሰል ላይ ተጣደ። ሁለት መቶ ግራም ስኳርና መቶ ግራም ቅቤ፣ በሰፊ ብረት ድስት ውስጥ፣ ከታች ጣት የማይሞላ ጥልቀት ይዞ ተዘረጋ። ጋሼ ቴርሞሜትሩን እንደ መስቀል በቀኝ እጃቸው ይዘው ቆሙ፤ የቴርሞሜትሩ ጫፍ ግን ድስቱ ውስጥ ካለው ውሕድ በላይ በእንፋሎቱ መካከል ተንጠልጥሏል። ውሕዱ አረፋ አወጣ፤ ወርቅ መሰለ፤ ቀጥሎ የጠጅ ቀለም ያዘ፤ ቤቱን ሽታ ሞላው። ያን ጊዜ ወርዶ ወተት ቢጨመርበት ይህ ወግ አይጻፍም ነበር።

«ጋሼ፣ ጨሰ» አለች የሰባት ዓመት ልጄ።

«ገና 118 ነው። ወረቀቱ 140 ይላል» አሉ።

ውሕዱ የቡና ቀለም ያዘ። መሪጌታ አስነጠሱ። የመሪጌታ ልጅ ንጥር ቅቤ ቢሆን ኖሮ ይህ እንደማይደርስ ተናገረ፤ ጋሼም ዞር ብለው ለሱ መልስ መስጠት ጀመሩ። ምጣዱ ሳለ እንቅቡ ተንጣጣ ማለት ይህ ነው፤ ድስቱ ዝም ብሎ ሲከስል የጮኹት ሰዎቹ ናቸው። በመጨረሻ ቀዝቃዛ ወተት ሲፈስበት ጥቁሩ ነገር ጮኸና እንደ ባልጩት ደረቀ፤ ማማሰያውም መካከሉ ላይ ቆሞ ቀረ። ጋሼ ማማሰያውን ይዘው ድስቱን ከነምኑ ብድግ አደረጉና «ቅቤው ንጹሕ አልነበረም» አሉ። ቅቤውን የሸጠችልን የጎዛምን ገበሬ ሴት ናት፤ እሷ በሌለችበት ተከሰሰች፤ ተፈረደባትም።

መሪጌታ ሲወጡ በር ላይ ቆመው ለብቻዬ እንዲህ አሉኝ፤ «ርእየ ማለት በግእዝ አየ ማለት ነው። ርዕዮተ ዓለም ማለትም ዓለምን ማየት። ዓለምን የሚያይ ሰው ታዲያ ድስት እንዴት ያመልጠዋል?» ሰሙን ሰጥተውኝ ወርቁን ይዘው ሄዱ።

ነገሩ ሌሊቱን ሲያብሰለስለኝ አደረ። ርዕዮተ ዓለም ብለን የምንተረጉመውን «ኢዲዮሎጂ» የሚለውን ቃል በፈረንሳይ አገር ደ ትራሲ የተባለ ሰው በ1796 እ.ኤ.አ. ሲፈጥረው የሐሳብ ሳይንስ ይሆናል ብሎ ነበር፤ ናፖሊዮን ግን ብዙም ሳይቆይ ለመሳለቂያ አደረገው። ወደ እኛ የደረሰው ሁለቱም ሳይሆን ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ድስቱ ከወረቀቱ ጋር ባልተስማማ ጊዜ ድስቱን የሚከሰው። ጋሼ ራሳቸው ደጋግመው የሚያጫውቱን አንድ ታሪክ አላቸው። በ1967 ዓ.ም. ወደ ገጠር ጎጃም ዘምተው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተጋቡትን «መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር ለአንድ ሽማግሌ ያስተምራሉ። መፈክሩ ጭሰኛው እስከ ግማሽ ምርቱን ለባለመሬት በሚሰፍርበት በደቡብ እንደ እሳት የሚያሞቅ ነበር፤ በጎጃም ግን አብዛኛው ገበሬ የሚያርሰው የአባት የእናቱን ርስት ነው። ሽማግሌው ሰምተው ሰምተው «ልጄ፣ አራሹም እኔ፣ መሬቱም የአባቴ፤ ከማን ቀምታችሁ ነው ለእኔ የምትሰጡኝ?» ብለው ጠየቋቸው። ጋሼ ታሪኩን ሁልጊዜ የሚጨርሱት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ንቃታቸው ዝቅተኛ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነበቡ ወጣቶች በአነባበቡ ተለያይተው በከተማ ጎዳና የተጋደሉበትን የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ጊዜ፣ ወግ አይሸከመውምና አልፈዋለሁ። ይልቅ ከሩቅ አገር አንድ ልጥቀስ። ቫቪሎቭ የተባለ ሩሲያዊ የዕፀዋት ሊቅ በ1927 እ.ኤ.አ. አገራችን መጥቶ፣ በበቅሎ ተጉዞ፣ የስንዴያችንና የገብሳችንን ዝርያ እየለቀመ ብዛቱን አይቶ ተደነቀ። ይህ ሰው ሥራው ማየት ነበር። በአገሩ ግን ሊሴንኮ የሚባል ሌላ ሰው ተነሥቶ፣ የዘር ውርስ ሳይንስ የቡርዣ ፈጠራ ነው፣ ስንዴም በትክክለኛ አያያዝ ጠባዩን ይለውጣል እያለ በመንግሥት ዘንድ ተደማጭ ሆነ። ስንዴው አልተለወጠም። የእህልን ዘር ከዓለም ዳርቻ የሰበሰበው ቫቪሎቭ ግን በ1943 እ.ኤ.አ. በእስር ቤት በረኀብ ደክሞ ሞተ። ይህንን ለጋሼ ስነግራቸው በጥሞና አዳምጠው «ሊሴንኮ ስሕተቱ የአፈጻጸም ነው» አሉ።

በማግስቱ ማልጄ ተነሥቼ አንድ ማሰሮ ውኃ አፈላሁና ቴርሞሜትሩን ከጫፉ እስከ ወገቡ ነከርሁት። ውኃው ፍል ፍል እያለ ቁጥሩ 92 ላይ ቆመ። ጋሼን ጠራኋቸው። ቁጥሩን አዩና «ተበላሽቷል፤ ውኃ የሚፈላው በ100 ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁት ነው» አሉ። እኔም እንደ ተማሪ እጄን ልዘረጋ ምንም አልቀረኝም፤ ሆኖም ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መሆኗን፣ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ነጥብ አንድ ዲግሪ ገደማ እንደሚወርድ፣ ጮቄ ተራራ አናት ላይ ብንጥደውማ ወደ 86 እንደሚሆን በአክብሮት አስታወስኋቸው። የወረቀቱ 140 የተለካው ከባሕር ጠርዝ ብዙ በማይርቅ ሜዳ ነው። እዚህ ያው ውሕድ ያንኑ ያህል የሚወፍረው 132 ላይ ነው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ከፍታውን ወረቀቱ ላይ መጻፍ ነበረባቸው» አሉ፤ ከእርሳቸው አፍ እንደ ንስሐ ልቆጥረው የምችል የሰማሁት ይህንን ብቻ ነው።

በጠባብ ድስት፣ በለዘበ ከሰል፣ የቴርሞሜትሩን ጫፍ ውሕዱ ውስጥ አጥልቀን፣ በ132 አወረድነው፤ ወተቱንም አስቀድመን አሙቀን በቀስታ አፈሰስንበት፤ ጨው ቆንጠር አደረግንበት። ሁለት ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት፤ መሪጌታ ሦስት ብርጭቆ ጠጡ። የመሪጌታ ልጅ ከድሮም የእኛ እንደነበረ ከጣዕሙ አወቀው። እኔም በደስታዬ ብዛት ከሰል አንሥቼ በማእድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በትልቁ «132» ብዬ ጻፍሁ። ለጎረቤት ተናገርሁ፤ ለሥራ ባልደረቦቼ ተናገርሁ፤ አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ተናገርሁ። ከወረቀት ነጻ የወጣ፣ ድስቱን አይቶ የሚፈርድ ሰው በመሆኔ ትንሽ ኩራት ቢጤም ተሰማኝ።

ኅዳር ላይ ባሕር ዳር ታላቅ እኅቴን ልጠይቅ ስሄድ ቴርሞሜትሩን በኮቴ የውስጥ ኪስ ይዠ ነበር። ቅቤውና ስኳሩ ተጣደ። እኅቴ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ትሰማኛለች፤ እኔም ስለ ከፍታ፣ ስለ መፍያ ነጥብ፣ ስለ 132 አስረዳለሁ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ በ94 እንደሚፈላም ለዕውቀት ያህል ነገርኋት።

«በ94 ከፈላማ 134 አይሆንም እንዴ?» አለች።

ሒሳቡን በልቤ አሰላሁት። ልክ ናት። «አይሆንም። 132 ተሞክሮ የተረጋገጠ ነው» አልሁ። ደብረ ማርቆስ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ባሕር ዳር እንዴት ሊለወጥ እንደማይችል ለማስረዳት ወንበሬን አዙሬ ወደ እሷ ተጠጋሁ፤ የወጣልኝ ማስረጃም ብዙ ነበር፤ አንደኛው የጣና ዳር እርጥበት፣ ሁለተኛው የቆላ ቅቤ ጠባይ፣ ሦስተኛውን በመናገር ላይ ሳለሁ ትንሿ የእኅቴ ልጅ የኮቴን እጅጌ ጎተት አደረገችኝ።

«ጋሼ፣ ጨሰ።»