ስፖንጁ ተመረመረ ማለት ፍራሹ ተመረመረ ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ፍራሽ ሻጭ ለደንበኛው የሰጠውን መልስ አንብቤ ተናደድኩ። ደንበኛው የጠየቀው ፍራሹ ውስጥ ምን እንዳለ ነው። የተሰጠው መልስ ደግሞ ስፖንጁ ሰርቲፑር የተባለው የአሜሪካ የስፖንጅ ምርመራ ሰርተፊኬት ስላለው ሌላ ዝርዝር አያስፈልግም የሚል ነው። ይሄ የሰው አፍ ማስያዣ ነው።

ሰርቲፑር (ሙሉ ስሙ ሰርቲፑር-ዩኤስ) የሚመለከተው ፖሊዩሬቴን የተባለውን ሰው ሠራሽ ስፖንጅ ብቻ ነው። ፎርማልዲሃይድ፣ እርሳስና ሜርኩሪ ሳይገቡበት መሠራቱን ያያል። ወደ አየር የሚተነው ኬሚካልም ከ0.5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ግማሽ እጅ) በታች እንዲሆን ይጠይቃል። እሰየው። ግን ማን ነው ራቁት ስፖንጅ ላይ የሚተኛው? ልባሱ አለ። ንብርብሮቹን ያጣበቀው ሙጫ አለ። ከልባሱ ሥር ደግሞ እሳት የሚከላከል ንጣፍ አለ። ሰርተፊኬቱ ስለነዚህ ምንም አይልም።

የእሳት መከላከያውን ነገር እንየው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ፍራሽ ሁሉ ነበልባል እንዲቋቋም በሕግ ታስገድዳለች። በምን እንደሚቋቋም የሚመርጠው ግን አምራቹ ነው። አንዱ የበግ ሱፍ ያደርግበታል። ሌላው በርካሽ ፋይበርግላስ፣ ማለትም በመስታወት ክር፣ ይገላገላል። ልባሱ ዚፕ ካለው ሰው ለማጠብ ይከፍተዋል። ያኔ የመስታወቱ ብናኝ ልብሱም፣ ምንጣፉም፣ የልጆች ቆዳና ዓይንም ላይ ያርፋል። ካሊፎርኒያ ፋይበርግላስ ያለበት ፍራሽ እ.ኤ.አ. ከ2027 አንስቶ እንዳይሸጥ የከለከለችው ወድዳ አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ፍራሽ ስፖንጅ ግን ሰርቲፑርን ሊያልፍ ይችላል! ሰርተፊኬቱ አልዋሸም። የሚዋሹት ያልተመረመረውን በተመረመረው ስም የሚሸጡልን ናቸው።

ላቴክስ፣ ማለትም ፍራሽ የሚሠራበት የጎማ ስፖንጅ፣ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምርመራ አያስፈልገውም የሚሉት ደግሞ ይብሳሉ። የትኛው ላቴክስ? ከጎማ ዛፍ የሚቀዳ አለ፣ ከነዳጅ የሚሠራ አለ፣ የሁለቱ ድብልቅም አለ። ከዛፍ የመጣውም ቢሆን እንዲጸና ድኝ ይገባበታል። ጎልስ የተባለው ዓለም አቀፍ የኦርጋኒክ ላቴክስ ደረጃ ላቴክሱ ቢያንስ 95 በመቶ ኦርጋኒክ መሆኑ እንዲረጋገጥ የሚጠይቀው የሻጭ ቃል ስለማይበቃ ነው።

ሁሉንም መመርመር ወጪ አለው፤ አልክድም። ግን ይቻላል። ኦኮ-ቴክስ ስታንዳርድ 100 የተባለው የጨርቃ ጨርቅ ምርመራ ክሩንም ዚፑንም ይመረምራል። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የተለየ ጥብቅ ምድብ አለው። ስለዚህ የተመረመረው የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ማን እንደመረመረው፣ እሳት መከላከያው ከምን እንደተሠራ ፍራሹ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ይህን መጻፍ ያልፈለገ ገንዘባችንንም አይጠይቀን።