ድምፁ ለሻከረ ሁሉ ሲቲ ስካን? ክርክር

የክርክሩ ርዕስ፦ አንዱ የድምፅ አውታሩ ሽባ ለሆነበት ታካሚ ሁሉ ሲቲ ስካን ይታዘዝ።

የራዲዮሎጂ ሐኪም፦ ይታዘዝ። የግራውን አውታር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ደረት ድረስ ወርዶ፣ ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር፣ በአኦርታ፣ ቅስት ሥር ዞሮ ነው ወደ ማንቁርት የሚመለሰው። በመንገዱ ላይ የሳንባ ዕጢ ሊጫነው ይችላል። በካሜራ ጉሮሮን ብቻ ማየት በሩን አይቶ ቤቱን አየሁ ማለት ነው። ፎቶ ደግሞ አይዋሽም።

የአንገት በላይ ሐኪም፦ «ፎቶ አይዋሽም» አሉ? ሽባነት እኮ አለመንቀሳቀስ ነው። ትንፋሽ ተይዞ የተነሳ ፎቶ እንቅስቃሴን ከየት ያመጣል? እኔ ካሜራውን በአፍንጫ አስገብቼ «ኢ በል» እላለሁ። አንዱ አውታር ይመጣል፣ ሌላው ይቀራል። አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ አንገት በላይ ሐኪሞች መመሪያም ማንቁርት ሳይታይ ሲቲም ኤምአርአይም አትዘዙ ይላል። ትናንት እንቅርቱን በኦፕሬሽን ያስወጣ ሰው ዛሬ ድምፁ ቢሻክርስ፣ ነርቩ እዚያው አንገቱ ላይ ተነክቶ ሊሆን ሲችል፣ ምክንያቱን ፍለጋ ደረቱ ድረስ ልንሄድ ነው?

የራዲዮሎጂ ሐኪም፦ ከካሜራው በፊት ይነሳ መቼ አልኩ? ምክንያቱ ላልታወቀ ነው የምለው። የልብ በር ጠቦ የግራው የላይኛው የልብ ክፍል ሲያብጥ ነርቩ ይጨፈለቃል። ኦርትነር የተባለው ሐኪም ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። የልብን በር የሚያጠብበው ሪውማቲክ የልብ ሕመም በበዛበት አገራችን ይህንንም «ኢ በል» ብለው ያገኙታል?

የአንገት በላይ ሐኪም፦ ቅድም «ለሁሉም» ነበር፤ አሁን «ምክንያቱ ላልታወቀ» ሆነ። ይሁን። ያ የማይዋሸው ፎቶ ግን ይመለስልኝ። በቅርቡ የመጣልኝ ሪፖርት «የአንገት ሲቲ፣ ኖርማል» ይላል። ፎቶው አንገት ላይ ቆሟል! ነርቩ አኦርታ ድረስ ይወርዳል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ታካሚው ዳግም ከፈለ፣ ፎቶውን የሚያጎላውን መድኃኒት፣ ኮንትራስቱንም፣ ዳግም ተወጋ።

የራዲዮሎጂ ሐኪም፦ ማዘዣው ላይ «አንገት» ብሎ የጻፈው ማን ነው? «የድምፅ መሻከር» ተብሎ ብቻ ይመጣል። ግራ ይሁን ቀኝ የሚነግረን የለም። ከራስ ቅል ሥር እስከ አኦርታ ቅስት ሥር ብላችሁ ጻፉ፣ እናነሳለን።

የአንገት በላይ ሐኪም፦ «ፎቶ አንሺ» ስትባሉ ትቆጣላችሁ፤ ሲመቻችሁ ግን «የታዘዝነውን ነው ያነሳነው» ትላላችሁ። ሐኪም ከሆናችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

የራዲዮሎጂ ሐኪም፦ ደውለናል እኮ። «ዶክተር ኦፕሬሽን ገብተዋል» ተባልን።