«አይቼዋለሁ» አትበሉኝ

ውስጤ ታምቆ የቆየ ነገር ስላለ ዛሬ ልተንፍሰው።

ቅዳሜ ማታ ታናሽ ወንድሜን «ና ፊልም እንይ» አልኩት። የመረጥኩት እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን «ፐርፌክት ዴይስ»ን ነበር፤ ጀርመናዊው ቪም ቬንደርስ ቶኪዮ ላይ የሠራውን። ገና ስሙን ስጠራ «እሱንማ አይቼዋለሁ! ሽንት ቤት የሚያጸዳው ሰውዬ አይደል?» አለኝ። የት አየኸው ስለው ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የፊልሙን ታሪክ ባጭሩ የሚነግር፣ አስር ደቂቃ የማይሞላ የአማርኛ ትረካ! የባለመብት ቁጥጥር እንዳይዛቸው ምስሉን ቀኙን ግራ አድርገው ገልብጠውታል፣ ዳር ዳሩን ቆርጠውታል፣ የፊልሙን ድምፅ አጥፍተው አንድ ሰው ትንፋሽ ሳይወስድ ያወራበታል።

ይሄ ነገር ያመኛል። በእውነት ያመኛል።

የዚያን ፊልም መጨረሻ ያየ ሰው ይፍረድ። ዋናው ተዋናይ ኮጂ ያኩሾ በማለዳ መኪናውን እየነዳ ነው። ዘፈን ተከፍቷል። ካሜራው ፊቱ ላይ ተተክሎ ይቆያል፣ ይቆያል። ፈገግ ይላል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ መልሶ ፈገግ ይላል። አንድ ቃል አይወጣውም። በዚህ ፊልም ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት ወስዷል። ተራኪያችን እዚያ ጋ ሲደርስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በመጨረሻም ደስ ብሎት ወደ ሥራው ሄደ።» ሰውዬው እኮ እያለቀሰ ነው!

ፊልም ማለት ወሬው ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች በዙ። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውን የሲድኒ ሉሜትን «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ውሰዱ። ወሬው በሁለት መስመር ያልቃል፤ ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡ 12 ተራ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተው በአንድ ተከሳሽ ልጅ ነፍስ ላይ ይከራከራሉ። ግን መጀመሪያ ላይ ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን ከፍ ብሎ ነው የሚያያቸው። እየቆየ ወደ ዓይናቸው ልክ ይወርዳል፤ መጨረሻው አካባቢ ከታች ወደ ላይ ሲያያቸው ጣሪያው ይታያል። ሌንሱም እየተቀየረ ስለሚሄድ ግድግዳው እየተጠጋ ይመጣል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደረቴ ሲጠብ ይሰማኝ ነበር፤ ምክንያቱን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ይሄን በየትኛው ትረካ ትነግሩኛላችሁ?

የራሳችንም አልተረፈ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» ሳወራለት «ይረዝማል ይሉታል፣ ባጭሩ ንገረኝ» አለኝ። እንዴት አድርጌ? ባለታሪኩ አንበርብር ከጀርመን ተመልሶ እናቱ መንደር ሲገባ ትዝታው የተሰባበረ ነው። ፊልሙም አብሮት ይሰባበራል፤ አንዴ ሕፃን ነው፣ አንዴ ጀርመን፣ አንዴ አዲስ አበባ። በቅደም ተከተል ከደረደርኩለት የሰውዬው ሕመም ጠፋ ማለት ነው።

«ሕዝቡ ቋንቋ አይችልም፣ እያገዝነው ነው» ይሉኛል። የቋንቋው ችግር እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ልጅ ሆነን ሰፈር ቪዲዮ ቤት ሦስት ሰዓት ተቀምጠን የህንድ ፊልም ስናይ ማናችንም ሂንዲ አናውቅም ነበር። እናትየዋ ስታለቅስ ግን አብረናት አልቅሰናል። ማገዝ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ያን ሁሉ ትረካ ጽፋችሁ ለማንበብ የምታጠፉትን ጊዜ ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ ለማስገባት አውሉት። እናቴ ባለፈው «ይሄ ልጅ ምን እያለ ነው?» እያለች ስትጠይቀኝ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እየተረጎምኩላት አንድ ሙሉ ፊልም ጨርሳለች፤ ዝም በሚሉበት ቦታ እሷም ዝም ትላለች።

ወንድሜ ያን ማታ አልተቀመጠም። «መጨረሻውን እያወቅኩት ምን አደርግለታለሁ» ብሎ ክፍሉ ገባ። ብቻዬን አየሁት። ያኩሾ ሲያለቅስ የዚያ ተራኪ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር፤ ሌላ ፊልም እየጨረሰ።