የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጉዳይ የሚጀመረው በተቀጠሩበት ቀን ነው

ሥራ ፈላጊ ተመራቂ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር ያው ነው፤ «ያገኘኸውን ያዝ፣ ዝም ብለህ አትቀመጥ»። ምክሩ ልክ ነው። በዜሮ ዓመት፣ ማለትም ልምድ ሳይጠይቅ በሚወጣ ማስታወቂያ ላይ ተመዝጋቢው እልፍ ስለሆነ፣ አነስ ባለ ደመወዝም ቢሆን ጀምሮ አንድና ሁለት ዓመት ልምድ ወደሚጠይቁት መደቦች መሻገር ያዋጣል። ግን ያ ሥራ በወረቀት ላይ ይታያል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሁለት ዓመት ለፍቶ ለመዝጋቢው ዛሬም «ዜሮ ዓመት» የሆነ ወጣት ማየት ያሳዝናል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥር ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው መስመር ይነበብ። ከግርጌው ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት የሚል ማሳሰቢያ በብዛት አለ። ከፔሮል (ከድርጅቱ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ) ውጭ በጥሬ ገንዘብ ሲከፈለው የቆየ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ሌላም አለ። ለምሳሌ የሚከፈለው 9,000 ብር ሆኖ ፔሮሉ ላይ 4,000 ብቻ ይጻፋል። የሚቆረጠው ግብር አንሶ ሠራተኛው እጁ ላይ የሚገባው ስለሚጨምር መጀመሪያ ደስ ይለዋል። የልምድ ደብዳቤው ግን 4,000 ይላል፤ ቀጣዩ ቀጣሪም ከዚያ ተነስቶ ይደራደራል። ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚሆነው የጡረታ መዋጮም በተመዘገበው ደመወዝ ይሰላል።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት ቲን ነምበሬ (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬ) ፔሮል ላይ ይገባል ወይ፣ ጡረታ እመዘገባለሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከሁሉም ይልቅ የሚዘነጋው የመደቡ መጠሪያ ነው። በአካውንቲንግ የተመረቀች ልጅ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ «ሽያጭ ሠራተኛ» ተብላ ትቀጠራለች። ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ግን ስቶክ ካርድ መመዝገብ፣ የዕለት ሽያጭ ማጠቃለልና የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ነው። ደብዳቤዋ «ሽያጭ ሠራተኛ» ብቻ ካለ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ መደብ ስትወዳደር «አግባብነት የለውም» ተብሎ ይጣልባታል። በእውነት የምትሠራውን የሚገልጽ መጠሪያ ውሉ ላይ ማስገባት አሠሪውን አንድ ብር አያስወጣውም።

ሕጉ ከተቀጣሪው ጎን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ፣ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም ሠራተኛው ሲጠይቅ በነፃ ይሰጣል፤ መልቀቅን መጠበቅ አያስፈልግም። ዓመት የሞላው ሰው ግንኙነቱ ሰላም ሳለ አንድ ቢያስጽፍ ይሻላል፤ ከጠብ በኋላ የሚጠየቅ ደብዳቤ ብዙ ያመላልሳል። ሲለቅም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ አስገብቶ፣ እሱ ጋ በሚቀረው ቅጂ ላይ «ደርሶናል» የሚል ፊርማና ቀን ያስቀምጥ። ሳይናገር የቀረ ሰው ክሊራንስ (ከድርጅቱ ዕዳም ንብረትም እንደሌለበት የሚገልጽ ወረቀት) ላይ ይያዛል።

ደብዳቤውን ሲቀበሉ እዚያው ቆሞ ማንበብ ነው። የወጪ ቁጥርና ቀን፣ ፊርማና ማኅተም፣ ግብርና ጡረታ መቆረጡ፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚለውም በቀን፣ በወርና በዓመት። ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳይለይ «ከ2015» ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ መዝጋቢ ፊት ሙግት ያስነሳል። ከምረቃ በፊት የተሠራ ኢንተርንሺፕ በአብዛኛው እንደ ልምድ ስለማይቆጠር ለብቻው ይያዝ።

የወጪ መጋራት፣ ማለትም ተመራቂው ለዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ የሚከፍለው ዕዳ ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ዕዳው በየወሩ ከደመወዝ እየተቆረጠ የሚከፈል ነው። ከፔሮል ውጭ ለሚሠራ የሚቆርጥለት ስለሌለ ዕዳው እንዳለ ይቀመጣል፤ ዋናው ዲግሪም ዕዳው እስኪዘጋ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይቆያል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ብቻ መጠበቅ ግን ፍትሕ አይደለም። የሥራ ግብር ቀንሶ ለገቢዎች የማስገባት ግዴታ የአሠሪው ነው። ልጁ በትክክል ሠርቶ አሠሪው ሳይከፍል ቢቀር፣ ከውድድር የሚወጣው ልጁ ነው። ቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች የግብሩን ጉዳይ በቲን ነምበር በቀጥታ ከገቢዎች ያጣሩ። አሠሪው ሳይከፍል ቀርቶ ከተገኘ፣ ውልና የባንክ የደመወዝ መረጃ ያቀረበውን ተወዳዳሪ መዝግበው፣ ገቢዎች ያልተከፈለውን ግብር ከአሠሪው እንዲጠይቅ ያሳውቁት።